ውሃው አረንጓዴ ሲሆን ይደፋ ወይስ ይጣራ?



የዛሬው ዓምዳችን ስለ መዋኛ ገንዳ ነው ስንል፣ «መርካቶ ውስጥ ደግሞ የምን መዋኛ?» የሚል አንባቢ እንደማይጠፋ እናውቃለን። ልክ ነው፤ ሱቅ ከሱቅ ተያይዞ እግር መርገጫ በጠፋበት ሰፈር ገንዳ የሚቆፍር ሰው አይገኝም። ነገሩ ግን ከእኛ የራቀ አይደለም። ትምህርት ቤት በተዘጋ ቁጥር ልጆቻችን ፎጣቸውን ጠቅልለው ከሰፈር ውጭ ወዳሉት የሆቴል መዋኛዎች ይሄዳሉ። ከነጋዴዎቻችንም መካከል በንግድ ያፈሩትን ሀብት በሆቴልና በእንግዳ ማረፊያ ላይ ያዋሉ፣ ገንዳም ያሠሩ አሉ። ክሎሪኑና ፓምፑም ቢሆን ብዙ ጊዜ የሚገዛው ከዚሁ ከመርካቶ ነው። ከሁሉም በላይ ደግሞ በገንዳው ላይ የሚደርሰው ነገር በጣሪያችን ላይ በተቀመጠው ሮቶም ላይ ይደርሳል።

ገንዳ አንድ ቀን አድሮ አረንጓዴ ሆኖ ሲገኝ የብዙ ባለቤቶች የመጀመሪያ ትእዛዝ «ድፉትና እንደገና ሙሉት» የሚል ነው። እስቲ ሒሳቡን እናስላው። ርዝመቱ 10 ሜትር፣ ስፋቱ 5 ሜትር፣ አማካይ ጥልቀቱ አንድ ሜትር ተኩል የሆነ ትንሽ ገንዳ 75,000 ሊትር ውሃ ይይዛል። ይህ በባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሲለካ 3,750 ጀሪካን ነው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት፣ እናቶች ሌሊት ተነስተው ቧንቧ በሚጠብቁበት ከተማ 3,750 ጀሪካን ውሃ ወደ ቦይ መልቀቅ ምን ማለት እንደሆነ ለመርካቶ ሰው ማስረዳት አያሻም። በወራጅ ወንዝ ዳር ሆነን እንኳ ለዉዱእ ውሃ እንዳናባክን ተምረናል። የሚያሳዝነው ደግሞ ውሃው ተደፍቶ አዲስ ከተሞላ በኋላ፣ ሁለት ሳምንት ሳይቆይ ገንዳው ተመልሶ አረንጓዴ መሆኑ ነው። ምክንያቱም ጥፋቱ ከውሃው አልነበረም። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ያለው ማንም ከፍቶ በማያየው በማጣሪያው በርሜል ውስጥ፣ በአሸዋው ላይ ነው።

ለመሆኑ ይህ አረንጓዴ ነገር ምንድን ነው? አልጌ ይባላል። አንዱ ዘር ብቻውን በዓይን አይታይም፤ በነፋስ፣ በአቧራ፣ በዋናተኛ ልብስም ይመጣል። ብርሃን፣ ምግብና የቆመ ውሃ ካገኘ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይራባል። ምግቡ ሌላ ሳይሆን አቧራ፣ የወደቀ ቅጠል፣ ላብ፣ ሳሙናና ይቅርታ ይደረግልንና ሽንት ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ በመሆኗ ፀሐይዋ ብርቱ ናት፤ ለአልጌው ብርሃን የምትሰጠው ይህችው ፀሐይ በውሃው ውስጥ ያለውን ክሎሪን በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ታጠፋዋለች። ጠዋት የተጨመረ ክሎሪን ከሰዓት በኋላ ላይኖር ይችላል ማለት ነው። ለዚህ ነው ባለሙያዎች ክሎሪንን ከፀሐይ የሚከልል ሲያኑሪክ አሲድ የሚባል ነገር በመጠኑ የሚጨምሩት። በሊትር ከ30 እስከ 50 ሚሊግራም ይበቃል። ሲበዛ ግን ክሎሪኑን ራሱን ያሰንፈዋል፤ ክሎሪን በእንክብል መልክ ብቻ የሚጠቀሙ ገንዳዎች ሳያውቁት የሚወድቁበት ችግር ይህ ነው።

ይህ በእኛ አገር ብቻ የሚደርስ ጉድለት እንዳይመስላችሁ። በነሐሴ 2008 ዓ.ም. በሪዮ ዴ ጄኔሮ በተካሄደው ኦሊምፒክ፣ ዓለም በቴሌቪዥን እያየ፣ የውሃ ዝላይ ውድድር የሚካሄድበት ገንዳ በአንድ ቀን ውስጥ ከሰማያዊ ወደ አረንጓዴ ተለወጠ። ምክንያቱ ሲጣራ ሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድ የተባለ ኬሚካል ክሎሪን ባለበት ውሃ ላይ ተጨምሮ ኖሯል። ሁለቱም ለየብቻቸው ውሃ ያጸዳሉ፤ ሲገናኙ ግን ፐርኦክሳይዱ ክሎሪኑን አከሸፈው፣ አልጌውም ያለ ከልካይ ተራባ። ከጎኑ የነበረው ገንዳም ስለተበላሸ አዘጋጆቹ ወደ አራት ሚሊዮን ሊትር የሚጠጋ ውሃ አፍስሰው ከመለማመጃ ገንዳ በመጣ ውሃ ተኩት። በነገራችን ላይ፣ ገንዳው በተለወጠበት በዚያው ቀን፣ ነሐሴ 3፣ የእኛው ሮቤል ኪሮስ በሌላው የሪዮ ገንዳ 100 ሜትር ነፃ ቀዘፋ ዋኝቶ በ1 ደቂቃ ከ4.95 ሰከንድ 59ኛ ወጥቷል። የውጭ ጋዜጦች ተሳለቁበት። ልጆቹ ስንት ንጹሕ ገንዳ ባለበት አገር ያድጋሉ ብሎ የጠየቀ ጸሐፊ ግን አላየንም።

እዚህ ላይ ከአንባብያን ዘንድ ሊነሳ የሚችል አንድ ጥያቄ አለ። በአልጌ ቀለሙ የተለወጠ ውሃ ለዉዱእ ይሆናል ወይ? የፊቅህ ሊቃውንት ይህን ጉዳይ ከጥንት ጀምሮ ተመልክተውታል። በዐረብኛ ጡሕሉብ የሚባለው ይህ ነገር ከውሃው ራሱ የሚበቅልና ሊከለከል የማይቻል በመሆኑ፣ በእርሱ ምክንያት ቀለሙ የተለወጠ ውሃ አጥሪነቱን አያጣም ብለዋል። ይህ ለገጠሩ ኩሬና ለመስጊዱ ገንዳ ትልቅ ማቅለያ ነው። ነገር ግን ለዉዱእ የሚሆን ውሃ ሁሉ ለጤና የሚስማማ ነው ማለት አይደለም። ከአልጌ ጋር ተሕዋስያንም ይኖራሉ፤ ደረጃውና ወለሉም ያዳልጣል። ከዚህ ሁሉ የከፋው ደግሞ፣ በደፈረሰ ውሃ ሥር የሰመጠ ሕፃን አለመታየቱ ነው። በመሆኑም ለወላጆች አንዲት ቁርጥ ያለች መመሪያ እንሰጣለን። ከገንዳው ዳር ቆማችሁ ጥልቁ ቦታ ላይ ያለው የወለል ማፍሰሻ ካልታያችሁ፣ የመግቢያ ዋጋ ተከፍሎም ቢሆን፣ ልጃችሁን ይዛችሁ ተመለሱ።

ሌላም ነገር አለ። በቆመ ውሃ ውስጥ መሽናት የተከለከለ መሆኑን ከልጅነታችን ተምረናል። ብዙዎች ገንዳ ውስጥ ዓይናቸው ሲቀላና አፍንጫቸውን ሲቆጠቁጣቸው «ክሎሪን በዝቶ ነው» ይላሉ። እውነቱ ብዙውን ጊዜ ተቃራኒው ነው። ክሎሪን ከሽንትና ከላብ ጋር ሲገናኝ ክሎራሚን የሚባል ነገር ይወጣዋል። ያ የሚከረፋ ሽታ የእርሱ ነው። ሽታው የሚነግረን ክሎሪኑ በቆሻሻ ተጠምዶ ማለቁን ነው። እናንተ ወጣቶች፣ ከመግባታችሁ በፊት ሻወር ውሰዱ፣ ሽንት ቤትም ጎራ በሉ።

ወደ አሸዋው እንመለስ። አሸዋ ውሃን ማጥራቱ ቀላል ነገር ይመስላል፤ ከተሞችን ግን አድኗል። በ1884 ዓ.ም.፣ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1892፣ የጀርመኗን ሐምቡርግ ኮሌራ ገብቶባት ከስምንት ሺህ በላይ ሰዎች አለቁ። ጎረቤቷ አልቶና የምትጠጣው ከዚያው ከኤልበ ወንዝ፣ ያውም የሐምቡርግ ቆሻሻ ከተቀላቀለበት በኋላ ከታች በኩል ነበር። ሆኖም በአብዛኛው ተረፈች። ልዩነቱ አልቶና ውሃዋን በአሸዋ አጣርታ ማከፋፈሏ፣ ሐምቡርግ ግን አለማጣራቷ ነበር። የእኛም ከተማ ከለገዳዲና ከገፈርሳ የምታገኘው ውሃ አሸዋን ሳያልፍ ወደ ቧንቧ አይገባም። ድፍርሱ ውሃ በመጀመሪያ አሉሚኒየም ሰልፌት ይጨመርበታል፤ ይህ ንጥረ ነገር በአገራችንም አዋሽ መልካሳ ላይ ይመረታል። ጭቃው ተሰባስቦ ሲዘቅጥ ውሃው በአሸዋ ያልፋል፣ በመጨረሻም ክሎሪን ይጨመርበታል። የገንዳው ማጣሪያ የዚህ የትልቁ ሥራ ታናሽ ወንድም ነው።

ታናሽ ነው ስንል ግን ልዩነቱን መዘንጋት የለብንም። የአልቶና አሸዋ ውሃው በዝግታ የሚሰርግበት ነበር። በአሸዋው ፊት ላይ የሚፈጠረው ሕይወት ያለው ስስ ልጥልጥ ተሕዋስያኑን ይበላቸዋል። የሚገርመው፣ በዚያ ልጥልጥ ውስጥ እኛ የምናባርረው አልጌም አለበት። የገንዳው ማጣሪያ ግን ፓምፕ በግፊት የሚያሳልፍበት ፈጣን ማጣሪያ ስለሆነ ይይዛል እንጂ አይገድልም። መግደል የክሎሪን፣ ማውጣት የአሸዋ ሥራ ነው። አንዱ ያለ ሌላው ከንቱ ነው። ክሎሪን ብቻ የሚያፈሱ ሰዎች ውሃቸው ከአረንጓዴ ወደ ነጭማ ግራጫ ይለወጥና እዚያው ይቀራል። ያ የሞተው አልጌ ነው፤ የሚያወጣው አጥቷል።

እንግዲህ አረንጓዴ ገንዳ የገጠመው ሰው ምን ያድርግ? በቅድሚያ ውሃውን በብርጭቆ ቀድቶ ይመልከት። ውሃው ጥርት ብሎ ቀለሙ ብቻ አረንጓዴ ከሆነ ነገሩ አልጌ ላይሆን ይችላል፤ ከአልጌ ማጥፊያ ኬሚካል ወይም ከቧንቧ የመጣ መዳብ ሊሆን ስለሚችል ባለሙያ ይጠይቅ። የደፈረሰ ከሆነ ግን አልጌ ነው። ቅጠሉን በመረብ ያውጣ፤ ግድግዳውንና ደረጃውን፣ በተለይም ጥላ ያለበትን ጥግ፣ በብሩሽ አጥብቆ ይፈትግ። ይህን የሚዘሉ ብዙ ናቸው። ግድግዳ ላይ የተለጠፈ አልጌ ከላይ በልጥልጡ ስለሚሸፈን ክሎሪኑ አይደርሰውም። ቀጥሎ የውሃውን ፒኤች ይለካ። 7.2 አካባቢ ከሆነ ከጨመረው ክሎሪን ሁለት ሦስተኛው ያህል ብርቱ በሆነው መልኩ ይሠራል፤ 8 ከደረሰ የሚሠራው ሩቡ ያህል ብቻ ነው። ፒኤች ሳይለኩ ክሎሪን መጨመር በቀዳዳ ኪስ ገንዘብ መያዝ ነው።

ከዚያ ፀሐይ ስትጠልቅ ክሎሪኑን ይጨምር። ላሰላነው ባለ 75,000 ሊትር ገንዳ በሊትር 10 ሚሊግራም ለማድረስ 750 ግራም ንጹሕ ክሎሪን ያስፈልጋል። ይህም 65 በመቶ ጉልበት ካለው የዱቄት ክሎሪን ወደ 1 ኪሎ ከ150 ግራም ገደማ ነው። ውሃው ጥቁር አረንጓዴ ከሆነ ይህን መደጋገም ሊያስፈልግ ይችላል። ፓምፑ ሳይቋረጥ ሌሊትና ቀን ይሥራ። «ውሃው አንዴ ከዞረ አይበቃም ወይ?» ለሚለው መልሱ አይበቃም ነው። የተጣራው ውሃ ተመልሶ ካልተጣራው ጋር ስለሚቀላቀል፣ አንድ ሙሉ ዙር ቢዞር በማጣሪያው ያለፈው ከውሃው 63 በመቶ ያህሉ ብቻ ነው፤ ሁለት ዙር 86፣ ሦስት ዙር 95 በመቶ ይሆናል። ፓምፑ በሰዓት 15,000 ሊትር የሚገፋ ከሆነ ሦስቱ ዙር 15 ሰዓት ይፈጃል። መብራት በጠፋ ጊዜ ደግሞ ሒሳቡ ሁሉ ይዘገያል፤ ጄኔሬተር ያለው ሆቴል ፓምፑን ከመብራቱ ባያስቀድም እንኳ እንዳይረሳው እንመክራለን።

አሁን ወደ ዋናው ቁም ነገር ደረስን። በማጣሪያው በርሜል አናት ላይ የግፊት መለኪያ ሰዓት አለ። አሸዋው በታጠበ ማግስት የሚያሳየውን ቁጥር በቀለም ምልክት ማድረግ ያሻል። ቁጥሩ ከዚያ ምልክት በግማሽ ባር ያህል ሲጨምር አሸዋው ቆሻሻ ሞልቶታል ማለት ነው፤ የሚታጠብበት ጊዜ ደርሷል። አረንጓዴ ውሃ በሚጸዳበት ወቅት ይህ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ሊደርስ ይችላል። ባለሙያዎቹ ባክዋሽ የሚሉት ይህ አጠባ ውሃውን ከታች ወደ ላይ በመገልበጥ አሸዋውን ማንሳትና ቆሻሻውን ማስወጣት ነው። የቫልቩ እጀታ ከመዞሩ በፊት ፓምፑ ይጥፋ። ፓምፕ እየሠራ እጀታ የሚያዞር ሰው የውስጡን ጎማ ይቆርጠዋል፤ ከዚያ በኋላ ውሃው በስውር ወደ ቦይ ሲፈስ ይከርማል። በመስታወቱ የሚታየው ውሃ እስኪጠራ ሁለት ሦስት ደቂቃ ይታጠብ፤ ከዚያም ቫልቩን ወደ ማለቅለቂያው አዙሮ ግማሽ ደቂቃ ያህል ያስኪደው፤ አለበለዚያ የመጀመሪያው ቆሻሻ ተመልሶ ገንዳው ውስጥ ይገባል። ለሦስት ደቂቃ አጠባ የሚወጣው ውሃ በዚህ ፓምፕ 750 ሊትር፣ ማለትም 38 ጀሪካን አይሞላም። ከ3,750 ጀሪካን ጋር አስተያዩት።

ከልክ ያለፈ አጠባም ጉዳት አለው። ጥቂት ቆሻሻ የያዘ አሸዋ ፈጽሞ ንጹሕ ከሆነው ይልቅ አጥብቆ ያጣራል፤ ስለዚህ ቀን ቆጥሮ ሳይሆን ሰዓቱን አይቶ ማጠብ ይበጃል። አሸዋው በየጊዜው ቢታጠብም ከዓመታት በኋላ ከቅባት፣ ከፀጉርና ከኖራ ጋር እየተጋገረ እንደ ጭቃ ጓል ይሆናል፤ ውሃው በጓሉ መካከል መንገድ አበጅቶ ሳይጣራ ያልፋል። የግፊቱ ሰዓት ደህና እያሳየ ውሃው የማይጠራ ከሆነ ይህ ሳይሆን አይቀርም። በዓመት አንድ ጊዜ በርሜሉን ከፍቶ አሸዋውን በእጅ መዳሰስ፣ አምስት ዓመት አካባቢ ሲሞላው ደግሞ መለወጥ ነው።

ሲለወጥ ግን የመርካቶ ልማድ የሆነው «ርካሹን አምጣ» እዚህ አይሠራም። ከስምጥ ሸለቆ በመኪና የሚመጣው የግንባታ አሸዋ ደለል ያለበትና መጠኑ የተደበላለቀ ነው፤ ቀለል ያሉት ጠጠሮች በመጀመሪያው አጠባ ተጠራርገው ይወጣሉ፣ ደለሉ ደግሞ ወደ ገንዳው ይገባል። የሚፈለገው ታጥቦ የተነፋ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ0.4 እስከ 0.8 ሚሊሜትር የሆነ የሲሊካ አሸዋ ነው። አሸዋው ከመገልበጡ በፊት በርሜሉ እስከ ግማሹ ውሃ ይሞላ፤ አለዚያ ከታች ያሉት እንደ ጣት የተዘረጉ ቀጫጭን ቱቦዎች በክብደቱ ይሰበራሉ። ቱቦ መሰበሩ የሚታወቀው ገንዳው ወለል ላይ አሸዋ ሲገኝ ነው።

ስለ ክሎሪን ግዢና አቀማመጥ ጥቂት ሳንል አናልፍም፤ ይህ የሕይወት ጉዳይ ነውና። ስያሜ በሌለው ጀሪካን ወይም በፌስታል የተቋጠረ ዱቄት ማንም ይሁን ማን ቢሸጥላችሁ አትግዙ። ክሎሪንም ሆነ በረኪና ከአሲድ ጋር ሲገናኝ ሳንባ የሚያቃጥል ጋዝ ይወጣዋል፤ የሽንት ቤት ማጽጃ አሲድና በረኪናን ደባልቆ የሚያጥብ ሰው ራሱን ለአደጋ ያጋልጣል። የዱቄቱን ክሎሪን ከእንክብሉ ዓይነት ጋር በአንድ ዕቃ መቀላቀል ሊፈነዳ ይችላል። ሲበጠበጥም ዱቄቱ ወደ ውሃ ይጨመራል እንጂ ውሃ በዱቄቱ ላይ አይፈስም። የዱቄት ክሎሪን እሳት ያባብሳል፤ ዘይት፣ ቀለም፣ ጨርቅና ካርቶን በተከማቸበት መጋዘን ጥግ የሚቀመጥ ዕቃ አይደለም። በጥቅምት 2017 ዓ.ም. ሸማ ተራ ላይ የደረሰውን ቃጠሎ ያየ የመርካቶ ሰው ይህን ሁለት ጊዜ ሊነገረው አይገባም።

በመጨረሻ ስለ ሮቶአችን። አዲስ አበባ በ2008 ዓ.ም. ክረምት አተት በገባባት ጊዜ ውሃችንን በክሎሪን ማከምን ብዙዎቻችን ተምረን ነበር፤ ወረርሽኙ ሲያልፍ ግን ልማዱም አብሮ አለፈ። ነጭ ወይም ፈካ ያለ ቀለም ያለው ታንከር ብርሃን ስለሚያስገባ አልጌ ያበቅላል፤ ጥቁሩ ይሻላል። ያለው ነጭ ከሆነ በጥላ ማስቀመጥ ወይም መሸፈን ይቻላል። ክዳኑ ሁልጊዜ ይገጠም። ከምናለሽ ተራ የሚገዛ ያገለገለ በርሜል ቀድሞ ምን እንደያዘ በእርግጥ ካልታወቀ የመጠጥ ውሃ አይገባበትም፤ የኬሚካል በርሜል በሳሙና ታጥቦ አይጠራም።

በዓመት ሁለት ጊዜ ሮቶው ሊያልቅ ሲል ቧንቧውን ዘግቶ፣ ውስጡን በረዥም ብሩሽ ፈትጎ፣ ዝቃጩን ማፍሰስ ነው። ሰው ወደ ውስጥ የግድ የሚገባ ከሆነ ብቻውን አይግባ። ከዚያ ይሞላና ለእያንዳንዱ 1,000 ሊትር 5 በመቶ ጉልበት ያለው፣ ሽቶና ሳሙና የሌለበት አንድ ሊትር በረኪና ይጨመርበት። ሽታው እስኪመጣ ድረስ ቧንቧዎቹ ለአፍታ ይከፈቱና ተዘግተው ይደሩ። ያ ውሃ አይጠጣም፤ ልጆችም እንዳይነኩት ይነገራቸው። ጠዋት ግን ወደ ቦይ አይሂድ። ለግቢውና ለደረጃው፣ ለሽንት ቤቱም ወለል ማጠቢያ ይሆናል። ሮቶው አንድ ጊዜ ከተለቀለቀ በኋላ በቀጣዩ ፈረቃ የሚመጣው ውሃ ይግባበት።